እናቴ የምትጠብቀው ቁጥር

እዚህ ቻናል ላይ የሚወጡትን ታሪኮች ሳነብ "ይሄማ የተፈጠረ ነው" እያልኩ የምስቅ ሰው ነበርኩ።

አሁን በእኔ የሚስቅ ካለ ይሳቅ። የደረሰብኝን አንድ ሳልጨምር እጽፋለሁ።

እሑድ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤታችን፣ ኩሽናው ውስጥ። መስኮቱ ተከፍቷል፣ ፀሐይዋ እስከ ወለሉ ገብታለች። ታች ጎረቤታችን ሬዲዮ ከፍቶ መኪናውን ያጥባል።

ጠራራ ፀሐይ ነው እላችኋለሁ። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እናቴ ብቻ ነን።

እናቴ ብቻችንን ነን ብላ ግን አታምንም ነበር...

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልንገራችሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ስኳር አለብኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ፣ በመርፌ የሚኖሩት ዓይነት። የምሠራው መነጽር ቤት ነው። ከኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ መስታወቱን በማሽን እየሞረድኩ በፍሬሙ ልክ አስገባለሁ። ግማሽ ሚሊ ከሳትኩ መስታወቱ አበቃለት።

ስለዚህ ስኳሬ ሲወርድ ቀድሞ የሚነግረኝ እጄ ነበር። ይንቀጠቀጣል፣ ማሽኑን አቆማለሁ፣ አንድ ጁስ እጠጣለሁ፣ አለቀ።

ከጊዜ በኋላ እጄም ዝም አለኝ። ስኳር ለዓመታት ሲወርድ ሲወጣ ሰውነት ይለምደዋል። ላብ የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ። ደህና ነኝ እያልኩ አወራለሁ... ከዚያ ወለል ላይ ነኝ።

ሐኪሜ ሴንሰር ያዘዘልኝ ለዚህ ነው። የጠርሙስ ክዳን የምታክል ነገር ናት፣ ክንዴ ላይ ትለጠፋለች። ከቆዳዬ ሥር የገባች ቀጭን ክር አለቻት፣ በየአምስት ደቂቃው ለክታ ቁጥሩን ወደ ስልኬ ትልካለች። ከሰባ በታች ስወርድ ስልኬ ይጮኻል። ከሃምሳ አምስት በታች ስወርድ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል።

ሌላም ነገር ትችላለች። የፈቀድኩለት ሰው በራሱ ስልክ ላይ ሆኖ የእኔን ቁጥር ያያል።

እኔን የምታየኝ እናቴ ነበረች።

ወንድም ነበረኝ።

ታላቄ ነው። ኤሌክትሪሻን። ሰፈሩ ሁሉ "ፊውዝ" ነበር የሚለው፣ መብራት የጠፋበት ሰው ሁሉ የእኛን በር ስለሚደበድብ። እናቴ እሱን ስትጠራው ድምፅዋ ራሱ ይለሰልሳል። እኔን ስትጠራኝ... ትጠራኛለች፣ በቃ።

አልቀናሁበትም። በእሱ ማን ይቀናል? እኔን "ስኳርዬ" እያለ የሚያስቀኝ እሱ ነበር። እናቴን ደግሞ "ኮረዳዬ" ይላታል። በስልሳ አምስት ዓመቷ! እሷም "ሂድ ወዲያ!" ትልና እንደ ልጃገረድ ትሽኮረመማለች።

ከዓመት ከሁለት ወር በፊት ኢንሱሊኔ አለቀ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። "አንቺ አትውጪ፣ እኔ ገዝቼልሽ እመጣለሁ" አለኝ በስልክ።

ከመድኃኒት ቤቱ ወጥቶ መንገድ ሲያቋርጥ መኪና ገጨው።

የኢንሱሊኔ ጠርሙስ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበረች። አልተሰበረችም።

ፖሊሱ በፌስታል አድርጎ ለእናቴ ሰጣት። እናቴ ለረጅም ጊዜ አየቻትና ወደ እኔ ዘረጋችልኝ።

"እንኪ" አለችኝ።

ከዚያም ወዲህ አንድ ቀን "ባንቺ የተነሳ" ብላኝ አታውቅም።

ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ከወንድሜ ሞት በኋላ ስኳሬ የወረደበት የመጀመሪያው ጊዜ ሳናስበው የመጣ ነው።

እሑድ ጠዋት ልብስ ሳጥብ ቁርሴን ረሳሁ። ስልኬ መኝታ ቤት ነበር። ባልዲውን ሳነሳ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ቀጥሎ የማስታውሰው የኩሽናው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ አገጬ ላይ ጁስ እየተንጠባጠበ...

እናቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች።

አትጮኽም። አታለቅስም። ዓይኗን ሳትነቅል ታየኛለች። ሰው እንዲህ የሚያየው የሸኘውን እንግዳ ነው፣ መኪናው ዞሮ እስኪሰወር ድረስ።

"ምን ሆንኩ?"

"ወርዶብሽ ነበር።"

"ቀባጠርኩ እንዴ? ምን አልኩ?"

ጁሱን ወደ አፌ ገፋችው።

"እማዬ?"

"ምንም አላልሽም። ጠጪ።"

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ሳህን እያጠበች ስታንጎራጉር ሰማኋት።

ወንድሜ ከሞተ ወዲህ... ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አመጣች።

"ስንት ነው?"

ከሥራ ስገባ፣ "ስንት ነው?" ጫማዬን ሳወልቅ፣ "ስንት ነው?" መጀመሪያ ደስ አለኝ። አስባልኛለች አልኩ።

"መቶ አርባ" ስላት ግን ፊቷ ይጠወልጋል።

"ሰማንያ፣ ወደ ታች ነው" ስላት... ፊቷ ይፈካል።

ይህን ያስተዋልኩ ቀን ራሴን ተቆጣሁ። እናትሽ ናት እኮ፣ ምን ነካሽ?

ስልክ አንስታ "ሃሎ" ከማለት ሌላ የማታውቅ ሴት ናት። ፎቶ ሲላክላት እንኳ የምከፍትላት እኔ ነኝ። አሁን የሴንሰሩን አፕ ከፍታ መስመሩን በጣቷ እየገፋች የትናንቱን፣ የትናንት ወዲያውን ታያለች። መነጽሯን አድርጋ። እኔ በእጄ የሞረድኩላትን መነጽር።

የስኳር ቆርቆሮው ከመደርደሪያው ጠፋ። "አለቀ" አለች።

ማሩም አለቀ።

ጁሱ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ወጣ። ወንበር ላይ ካልቆምኩ አልደርስበትም። "ጉንዳን አስቸገረኝ" አለች።

በቤታችን ጉንዳን አይቼ አላውቅም።

እሑድ ደግሞ እንዲህ ሆነ።

"ቁርስ ደርሷል፣ ተወጊ" ትለኛለች።

እወጋለሁ። የእኔ መድኃኒት የሚወጋው ከምግብ በፊት ነው። ተወግቼ ካልበላሁ እወርዳለሁ። ይህን እናቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ታውቃለች። በሕይወቴ የመጀመሪያዋን መርፌ የወጋችኝ እሷ ናት።

ከዚያ ቁርሱ አይመጣም።

"ድንቹ ትንሽ ይቀረዋል።"

"ጋዙ ደክሟል፣ አንድ ደቂቃ።"

"ዳቦ ላምጣ፣ ቁጭ በይ... አትነሺ፣ ቁጭ በይ።"

ከዚያ... ወንበሩ ላይ ነኝ። አገጬ እርጥብ ነው። እናቴ ፊት ለፊቴ።

"ስልኬ አልጮኸም እንዴ?"

"ቢጮኽ እኔ አልሰማም? ክንድሽ ላይ ተኝተሽበት ይሆናል፣ ሲጫኑት ይዋሻል ብለሽኝ የለ።"

ተኝቼ አልነበረም። ግን ምን እንደነበርኩም አላውቅም። ማስታወስ የማይችል ሰው በምን ይከራከራል?

አንድ እሑድ ከነቃሁ በኋላ ስልኬን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ያገኘሁት የእናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። በሁለት ፎጣ ተጠቅልሎ።

ከፎጣው ሥር የወንድሜ ሸሚዝ ነበር። ተተኩሶ ታጥፏል።

ነካሁት።

ሙቀቱ ገና አልወጣለትም ነበር።

በዚያው ሳምንት የክትትል ቀኔ ደረሰና ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ያለችው ሲስተር ከልጅነቴ ጀምሮ የምታውቀኝ ናት፣ ስታየኝ ሁልጊዜ ትቀልዳለች። የዚያን ቀን አልቀለደችም። ከኮምፒዩተሯ ያወጣችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"የኔ እናት፣ እሑድ እሑድ ምንድን ነው የምትሠሪው?"

"ቤት ነኝ።"

"እስኪ እይው።"

ስድስት ሳምንት ነው። የሌላው ቀን መስመር እንደ ማንም ሰው ውጣ ውረድ አለው። የእሑዶቹ ግን ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይወድቃሉ። አራት ሰዓት ገደማ ይጀምሩና አራት ከሃያ ላይ ከሃምሳ በታች ናቸው። እዚያው ታች ይተኛሉ። ከዚያ ቀጥ ብለው ይወጣሉ።

"ተኝቼበት ይሆናል" አልኳት። የእናቴን ቃል ነው የደገምኩት።

"ሲጫኑት ይዋሻል፣ እውነት ነው። ግን በየሳምንቱ በዚያው ሰዓት አይዋሽም።" ጣቷን አስቀመጠች። "የመጀመሪያው እሑድ አሥራ አምስት ደቂቃ። ቀጥሎ ሃያ። ቀጥሎ ሃያ ስምንት። ያለፈው እሑድ አርባ ሁለት ደቂቃ ታች ነበርሽ። ይህን ያህል ቆይቶ የማይነቃ ሰው አይቻለሁ።"

ተነስታ በሩን ዘጋችው።

"ማን ነው አብሮሽ ያለው?" አለችኝ፣ በሹክሹክታ።

"እናቴ።"

"ቁጥርሽ ስልኳ ላይ ይመጣል?"

"አዎ።"

ሲስተር መነጽሯን አወለቀች።

"እንግዲያው ታያለች" አለች።

ለሚጢጢ ነገርኳት።

ሚጢጢ መነጽር ቤቱ ውስጥ ደንበኛ ተቀባይ ናት። በር ስታልፍ የምታጎነብስ ረጅም ሴት ስለሆነች ነው ሚጢጢ ያልናት። የምትፈራው ነገር የለም፣ ከበረሮ በስተቀር።

"ዛሬውኑ ከዚያ ቤት ውጪ" አለችኝ።

"ማወቅ አለብኝ።"

"ምኑን?"

"ስወርድ ምን እንደምላት። እቀርጸዋለሁ።"

"አብደሻል? ሞትሽን ልትቀርጪ ነው?"

"አሮጌ ስልክሽን አውሺኝ። አራት ተኩል ላይ ካልደወልኩልሽ ነይ።"

ሚጢጢ ስልኩን ሰጠችኝ፣ እጄን ግን አልለቀቀችም።

"አራት ተኩል የሚባል የለም። ከአራት ሰዓት ጀምሮ ደረጃችሁ ላይ ነኝ። ሃያ ደቂቃ እሰጥሻለሁ፣ ከዚያ በሩን ትገነጥላለች በይ።"

እሑድ።

አሮጌውን ስልክ ቀረጻ ላይ አድርጌ ፍሪጁ ላይ፣ ከሽንኩርት ቅርጫቱ ጀርባ አስቀመጥኩት። ካልሲዬ ውስጥ ሦስት የግሉኮስ ከረሜላ ደበቅኩ። ገና ሲጀምረኝ እበላለሁ ብዬ ነው።

ሞኝነት ነው። ሲጀምረኝ እንደማይታወቀኝ ራሴው ነግሬያችኋለሁ።

"ቁርስ ደርሷል፣ ተወጊ" አለችኝ።

ከምወጋው ቀንሼ ተወጋሁ። እናቴ መርፌውን አየችው።

"ይሄን ብቻ?"

"ብዙም አልራበኝም።"

"ሩዝ ነው እኮ የሠራሁት። ሩዝ ያወጣብሻል። ጨምሪ።"

ዓይኗን አየሁት። ልመና ነበረበት።

ጨመርኩ።

ለምን እንደጨመርኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ስትለምነኝ ደስ ብሎኝ ይሆን? ከእኔ አንድ ነገር ፈልጋ አታውቅም ነበር።

ፀሐይዋን አስታውሳለሁ። የጎረቤቱን ሬዲዮ አስታውሳለሁ። እናቴ ፊት ለፊቴ ያለውን ወንበር ስባ ስትቀመጥ፣ ስልኳን ጭኗ ላይ ስታስቀምጥ...

ከዚያ ሚጢጢ ናት። ወለሉ ላይ አቅፋኛለች፣ ድዴን በጣቷ ማር እየቀባች ስሜን ትጠራለች። ማሩን ከቤቷ ይዛ ነው የመጣችው።

ሴንሰሩ ሠላሳ ስምንት ይላል።

እናቴ መስኮቱ ጋ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች።

"አባረርሽው" አለች።

ለማን እንዳለችው ዞራ አላየችም።

ቀረጻውን የሰማነው በዚያው ቀን፣ ሚጢጢ ቤት፣ ሶፋው ላይ ነው። ሁለት ጊዜ በልቼ፣ መቶ ስልሳ ደርሼ።

መጀመሪያ የድስት ድምፅ አለ። የእናቴ እርምጃ። በር ተከፍቶ ይዘጋል፣ ስልኬን ስትወስድ ይሆናል። ወንበር ይሳባል።

ከዚያ እናቴ ትቆጥራለች። በሹክሹክታ።

"ስልሳ አራት... ና... ሃምሳ ዘጠኝ... ና ልጄ... ሃምሳ ሦስት... እዚህ ነኝ፣ ና..."

ሚጢጢ እጄን ያዘችኝ።

"አርባ ስምንት..."

ሬዲዮው ብቻ።

ከዚያ ድምፄን ሰማሁ።

የእኔ ድምፅ ነው፣ ከእኔ ጉሮሮ የወጣ። አነጋገሩ ግን የእኔ አይደለም። እኔ እጣደፋለሁ። ይህ አይቸኩልም። ሥራውን ጨርሶ እንደገባ ሰው...

"ኮረዳዬ" አለ።

እናቴ ትንፋሽ ስትስብ ይሰማል።

"መጣህ?"

"መጣሁ።"

"ሸሚዝህን ተኩሼዋለሁ።"

"አይቼዋለሁ። እሷስ?"

"እሷ ምን ትሆናለች?" አለች እናቴ። "እሷ ሁልጊዜ አለች።"

ሚጢጢ ቀረጻውን ልታቆመው ጣቷን ዘረጋች። ያዝኳት።

"ያን ቀን... አመመህ?"

"አላመመኝም። ኪሴን ይዤ ነው የወደቅኩት። ጠርሙሷ እንዳትሰበር።"

እዚህ ላይ እኔ ራሴ አቆምኩት።

እጁ የት እንደነበር የነገረኝ ሰው የለም። እኔ እዚያ አልነበርኩም፣ እናቴም አልነበረችም። ስኳሩ የወረደበት አንጎል ብዙ ነገር ይፈጥራል፣ ሲስተር በኋላ እንዲህ ብላኛለች። እሺ፣ ይፍጠር። እኔም ፈጥሬው ይሆናል። ግን ያላሰብኩትን፣ ያልፈለግኩትን ነገር ለምን እፈጥረዋለሁ?

ቀጠልኩ።

"ኮረዳዬ፣ ስጫት።"

"ምኑን?"

"ጁሱን። እየቀዘቀዘች ነው።"

"ትንሽ ቆይ።"

"ስጫት ብዬሻለሁ።"

"ገና መምጣትህ ነው እኮ! ሳምንት ሙሉ ጠብቄ... ባለፈው ሰጠኋት፣ ጥለኸኝ ሄድክ። ዛሬ አልሰጥም።"

"ትሞታለች።"

የእናቴን መልስ ጠበቅኩ።

ሬዲዮው ይሰማል። ታች ውኃ ይፈስሳል። እናቴ ግን አትመልስም። ሰዓቱ ስልኩ ላይ ይሮጣል... ሦስት... ስድስት... ዘጠኝ...

አሥራ አንድ ሰከንድ።

ከዚያ በሩ ተደበደበ፣ የሚጢጢ ጩኸት መጣ።

አሥራ አንዱ ሰከንድ ሲያልቅ ምን ልትል እንደነበር አላውቅም። በሕይወት እስካለሁ አላውቅም።

ማክሰኞ ዕለት እናቴ መነጽር ቤቱ ድረስ መጣች። ሚጢጢ በሩ ላይ እንደ ግንብ ቆመችባት። እኔ ነኝ "ተያት" ያልኳት። የእግረኛው መንገድ ላይ፣ ሰው እየገፋን ቆመን አወራን።

"ሰማሁት" አልኳት። "ሁሉንም።"

"ድምፁን ሰማሽው?" ዓይኗ በራ። "ሰማሽው አይደል? አላበድኩማ!"

"እማዬ፣ ልሞት ነበር።"

"አልሞትሽም እኮ።"

"አርባ ደቂቃ..."

"አርባ ደቂቃ ምንድን ነው? አንቺ ትተኚያለሽ፣ ትነቂያለሽ፣ ትበያለሽ። እሱ ግን..." ክንዴን ያዘችኝ፣ ሴንሰሩ ያለበትን። ቀስ ብላ፣ እንደ ሕፃን ራስ ነካችው። "አንድ እሑድ ብቻ ስጪኝ። አንድ። ሌላ አልለምንሽም።"

"ለእኔ አንድ ቀን እንዲህ ለምነሽ ታውቂያለሽ?"

አልገባትም። እውነቴን ነው፣ ጥያቄው አልገባትም።

ስልኬን አውጥቼ ከሚከታተሉኝ ውስጥ ሰረዝኳት፣ እዚያው ፊቷ። የእሷ ስልክ ላይ መስመሩ ጠፋ። ባዶ ነጭ ሆነ። እናቴ ባዶውን እያየች ወንድሜን የቀበርን ቀን ያላለቀሰችውን ለቅሶ አለቀሰች። መንገደኛው ዞር ዞር እያለ አየን።

እኔ ወደ ሥራዬ ገባሁ። የዚያን ቀን ሦስት መስታወት አበላሸሁ።

ቀሪውን ከመንገሬ በፊት እንዳትጨነቁ ልንገራችሁ። እናቴ በሕይወት አለች። አሁን አክስቴ ጋ ናት፣ ሐኪምም ያያታል። ትበላለች፣ ትተኛለች። አሁን ስለምነግራችሁ ቀን ስትጠየቅ የማስታውሰው የለም ትላለች።

እኔ ግን አስታውሳለሁ።

መንገዱ ላይ ከተለያየን ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው፣ ሚጢጢ ጋ እኖር ነበር። እናቴ ሁለት ቀን ሙሉ ስልክ አላነሳ አለች። ፍሪጁ ውስጥ የተውኩት ኢንሱሊን፣ የክረምት ልብሶቼም ነበሩ። "ዕቃዬን ላምጣ" ብዬ ለሚጢጢ ነገርኳት። እውነቱ ናፍቃኝ ነው።

እሑድ ነበር። ቀኑን መርጬ አልነበረም... ወይም ነበር።

በቁልፌ ከፈትኩ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ተጠርጓል። ካውያው ገና ይሸታል።

"እማዬ?"

ኩሽናው ፀሐይ በፀሐይ ነው። እናቴ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። በእኔ ወንበር ላይ። ቀሚሷ በላብ ተጣብቋል፣ ዓይኗ ተከፍቷል። ጠረጴዛው ላይ የእኔ ኢንሱሊን። አጠገቡ የተወጋበት መርፌ።

እናቴ ስኳር የለባትም።

ጥግ ያለውን ወንበር ስቤ ወጣሁበት፣ ከላይኛው መደርደሪያ ጁሱን አወረድኩ፣ በጥርሴ ከፈትኩት። ራሷን ደገፍኩ። ፊቷ እንደ ውኃ ይቀዘቅዛል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ አንድ ነገር ልትል ነው...

እዚህ ላይ የማፍርበትን ልንገራችሁ።

ጁሱን ከንፈሯ ጋ አድርሼ... ቆምኩ።

እሱ ነው የሚመጣው ብዬ። "ስኳርዬ" ይለኛል ብዬ። አንዴ ብቻ ልስማው ብዬ...

ስንት ሰከንድ እንደቆምኩ አልቆጠርኩም።

እናቴ አፏን ከፈተች። የወጣው ድምፅ የወንድሜ አነጋገር አልነበረም። ይጣደፋል። ቃላቱን እየበላ ይሮጣል። ያንን ጥድፊያ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፣ በየቀኑ ከአፌ ይወጣል።

የእኔ ነበር።

"እማዬ" አለ፣ ከእናቴ አፍ። "እማዬ፣ ይቺ ሴትዮ ማናት? ለምን አትሰጠኝም?"

የጠየቀችው እኔን አልነበረም። ፊት ለፊቷ ያለውን ባዶ ወንበር፣ እሑድ እሑድ እናቴ የምትቀመጥበትን፣ እያየች ነው።

ዞርኩ።

የወንበሩ ስፖንጅ መሀሉ ጎድጉዷል፣ ሰው እንደተቀመጠበት። እያየሁት... ቀስ ብሎ፣ ትንሽ ትንሽ እያለ... ተነፍቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።